ፒያኖው ቼሎውን ሲውጠው፦ ከከዚራ ለመጣ ጥያቄ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው የሚኖረው። ፒያኖ ይጫወታል። የአክስቱ ልጅ ውጭ ሀገር ቼሎ (በጉልበት መሀል ተይዞ በደጋን የሚመታ፣ ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ) ተምራ ለእረፍት መጥታለች። ለአያታቸው 80ኛ ዓመት ልደት በቤታቸው ሳሎን የጀርመናዊውን አቀናባሪ የብራምስን የመጀመሪያ የቼሎ ሶናታ (በክፍል በክፍል የተጻፈ ረጅም ሥራ) ለመጫወት ተነሥተዋል። «ግን አቦ፣» ይላል፣ «ቼሎው አይሰማም። ቀስ ብዬ ስጫወት ሙዚቃው ይሞታል። ጠንከር ስል እሷ ትጠፋለች። ልንጣላ ምንም አልቀረንም። አንተ ባለሙያ ነህ፣ ጥፋቱ የማን ነው? ወይስ ሌላ ሥራ እንምረጥ?»

መጀመሪያ ስለ «አንተ» ላመስግንህ። የምጽፍልህ ከሐረር ነው። ዕድሜዬ ከአባትህ ሳይበልጥ አይቀርም። ሌላ ከተማ ቢሆን «እርስዎ» ብለህ ጀምረህ፣ ጥያቄህ ላይ ሳትደርስ ወረቀቱ ባለቀ ነበር። ድሬና ሐረር ግን ሽማግሌውም «አንተ» ነው። ይቺን ነገር ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ወደ ጥያቄህ። ጥፋቱ የማንም አይደለም። መፍትሔው ግን አብዛኛው ያለው አንተ እጅ ላይ ነው። ሥራውንም አትቀይሩት።

ቼሎና ፒያኖ እንደ ቡናና ስኳር የተፈጠሩ ጥንዶች አይደሉም። ቤትሆቨን የመጀመሪያዎቹን ሁለት የቼሎ ሶናታዎች የጻፈው በ1796 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በርሊን ሄዶ ሳለ ነው። የፕሩሺያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም 2ኛ ራሱ ቼሎ ይጫወት ነበር፤ ዱፖር የሚባሉ የታወቁ ቼሊስት ወንድማማቾችም በቤተ መንግሥቱ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ልማድ ቼሎ አንድም የፒያኖውን ግራ እጅ ተከትሎ ባሱን፣ ማለትም ወፍራሙን የታች ድምፅ፣ ያጠናክራል፣ አንድም እሱ ዜማውን ሲጫወት ከሥሩ ቀለል ያለ አጀብ ይቀመጥለታል። ሁለቱን እኩል አድርጎ ማነጋገር አዲስ ነገር ነበር። ቤትሆቨንም ቢሆን ጠንቀቅ ያለ ይመስለኛል። አምስት የቼሎ ሶናታዎች ጽፏል። ሙሉና ረጅም የሆነ ዘገምተኛ ክፍል ያስገባው ግን በመጨረሻው ላይ ብቻ ነው፣ በ1815። ከመጀመሪያው ሥራ 19 ዓመት መሆኑ ነው። ዘገምተኛ ዜማ ላይ ቼሎው ድምፁን ይስባል፣ ፒያኖው ግን አንዴ መትቶ ይከስማል። ሁለቱን ማጋባት ከባድ ነው። ያ ሁሉ ሊቅ 19 ዓመት ከፈጀበት እናንተ ሁለት ሳምንት ብትቸገሩ ምን ይገርማል?

ብራምስ ደግሞ የባሰበት ነው። ያንተን ሶናታ መጻፍ የጀመረው በ1862 ሲሆን የጨረሰው በ1865 ነው። መታተሚያ ቁጥሩ 38፣ ቃናው ኢ ማይነር። ርእሱን ልብ ብለህ አይተኸዋል? ብራምስ ያስቀደመው ፒያኖውን ነው፤ «ሶናታ ለፒያኖና ቼሎ» ነው የሚለው። «የቼሎ ሶናታ» እያልን የምናሳጥረው እኛ ነን። እና አንተ አጃቢ አይደለህም። አጃቢ ነኝ ብለህ ስታስብ ሁሉንም ነገር ዝቅ ታደርጋለህ፤ ያኔ ነው «ሙዚቃው ይሞታል» ያልከው የሚመጣው። ሥራው በስጦታ የተበረከተው ዮዜፍ ጌንስባኸር ለሚባል ሰው ነው፤ የዘፈን መምህር ነበር፣ ቼሎም ይጫወታል። አብረው ሲሞክሩት ብራምስ ፒያኖውን እንደ ጉድ ይደበድበው ነበር አሉ። ሰውዬው «ራሴን እንኳ መስማት አልቻልኩም!» ብሎ ቢጮህ፣ «ታድለሃል» አለው ይባላል። እውነት ይሁን ቀልድ፣ ቼሊስቶች እስከ ዛሬ ይህን እያወሩ ይስቃሉ። የአክስትህ ልጅም ታውቀው ይሆናል። ካላወቀች ንገራት፤ እርቅ ያወርዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

የቼሎ አራት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ ናቸው። የወፍራሙ ክር ንዝረት በሴኮንድ 65 ያህል ነው፤ የቀጭኑ 220። ይህ ሁሉ ከፒያኖህ መሀል ሲ (ከቁልፎቹ መካከል ላይ ካለችው ኖታ) በታች ነው። ማለትም ግራ እጅህ የሚውልበት ሰፈር ነው። ብራምስ ደግሞ ዜማውን የሚያስጀምራት ከታች፣ በወፍራሙ ክር ላይ ነው። ስለዚህ ቼሎው ከፒያኖው ጋር አይደለም የሚጋጨው፤ ከግራ እጅህ ጋር ነው። ሌላም አለ። የጆሯችን ጠባይ ሆኖ ወፍራም ድምፅ ቀጭኑን በቀላሉ ይሸፍነዋል፤ ቀጭኑ ግን ወፍራሙን እምብዛም አይሸፍነውም። ቀኝ እጅህ ከላይ ቢጮህ ቼሎው ከሥር ይሰማል። ግራ እጅህ ከታች ሲያጉረመርም ግን አለቀለት። ሰው ሁሉ «ቀስ በል» ይልሃል። እኔ ግን «ግራህን አቅጥነው» ነው የምልህ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ይህን በራስህ ጆሮ ካልሰማኸው አታምነኝም። እንዲህ አድርጉ። የመጀመሪያዎቹን 20 ባሮች (በወረቀቱ ላይ በቋሚ መስመር የተለዩትን የምት ክፍሎች) እሷ በሙሉ ድምፅ ትጫወት። አንተ ጣትህን ቁልፎቹ ላይ አድርግ፣ ግን አትምታ። በሁለተኛው ዙር የኮርዱን (አንድ ላይ የሚመቱትን ኖታዎች) የላይኛዋን ኖታ ብቻ ጨምር። በሦስተኛው የታችኛዋን ባስ። የመሀሉን መጨረሻ ላይ ጨምረው። አንድ ዙር ላይ ቼሎው ድንገት «ይሰምጣል»። ማንን ስትጨምር እንደሰመጠ ልብ በል። በእኔ ተማሪዎች ላይ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ወንጀለኞቹ የመሀል ኖታዎች ናቸው። አውራ ጣቶችህ የሚመቷቸው ማለት ነው። አውራ ጣት በተፈጥሮው ከባድ ነው፤ ሳታዝዘው ይጮኻል። እነሱን ብቻ ብታለዝብ ባሱም ይቆማል፣ ላይኛውም ያበራል፣ መሀሉ ላይ ለቼሎው ወንበር ይለቀቃል።

አሁን ያቺን «አንተ» አምጣት። በዚህ ሶናታ ውስጥ ሁለታችሁም «አንተ፣ አንቺ» እየተባባላችሁ ነው። እርስዎ የለም። ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ እየዘፈነ ሲያጅብ ክሩ ከድምፁ ሥር ሥር ይሄዳል፤ ግጥሙ ሲያልቅ ማሲንቆው ይነሣና መልስ ይሰጣል። ጎበዝ አዝማሪ ይህን ሳያስብ ነው የሚያደርገው። የብራምስ መጀመሪያ ላይም አንተ የምትመታቸው ኮርዶች ከምቱ ዘግየት ብለው የሚገቡት ለዚሁ ነው፤ እሷ ስትናገር ትንፋሽህን ይዘህ ነቀነቅ የምትል ያህል። ትንሽ ቆይቶ ዜማው ወደ አንተ ይመጣል። እዚያ ጋ አታፍር፣ ዝፈን! ብዙ ጨዋ ፒያኒስቶች ዜማው ሲሰጣቸውም እንደ እንግዳ ያንሾካሹካሉ። ያኔ ቼሊስቷ ራሷ ዝቅ ማለት አለባት። የአክስትህ ልጅ ይህን ታደርጋለች? ብዙዎቹ አያደርጉም። ቼሊስት ዜማውን ካስረከበ በኋላም ዜማ እንደያዘ ሰው መጫወቱን ይቀጥላል። ይህ የሙያ በሽታችን ነው፤ እኔም አለብኝ።

ፔዳሉ ላይ ደግሞ ጨካኝ ሁን። ከሥሩ ፔዳል ያለው ግራ እጅ ጭጋግ ነው። ባሱ ሳይጠፋ አዲሱ ይደርብበታል፣ በዚያ ላይ ቼሎ አለ። ገጹን አንድ ጊዜ ያለ ፔዳል ተጫወተው። ይደርቃል፤ ግድ የለም። ከዚያ የማያስችልህ ቦታ ላይ ብቻ በትንሹ መልሰው። የግራውን ፔዳል መድኃኒት አድርገህ አትያዘው። የናንተው የቆመ ፒያኖ ከሆነ ያ ፔዳል መዶሻዎቹን ወደ ክሩ ያስጠጋል፣ ድምፁን ያሳንሳል፤ ያ ብቻ ነው፣ ጭጋጉ እንዳለ ይቀራል። የመሀሉ ፔዳል ጨርቅ የሚያወርድ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትንካው። እሱ ጎረቤት ሲተኛ ነው።

ሌላው ሰዓት ነው። የቼሎ ወፍራም ክር ሰነፍ ነው። ደጋኑ ሲነካው ወዲያው አይናገርም፤ ለቅጽበት ይንደረደራል። የፒያኖ መዶሻ ግን እንደነካህ ቋ ይላል። «እኩል» ብትነሡ አንተ ትቀድማለህ፤ የቀደመ ድምፅ ደግሞ የተከተለውን ይሸፍናል። ስለዚህ ወፍራሙ ክር ላይ ስትሆን ኖታውን አትቁጠርላት፤ የቀኝ ክንዷን እይ። ደጋኑ ክሩን ሲይዝ አንተ ውረድ። ለዚህ ስትል ፍጥነቱንም ቀንሰው። ብራምስ «አሌግሮ» ብሎ ብቻ አልተወውም፣ «ኖን ትሮፖ» ብሎ ጨምሮበታል፤ «ፈጠን፣ ግን አታብዛው» ነው ነገሩ። ሰው ይህን ሁለተኛውን ሐረግ ለምን እንደማያነብ አይገባኝም።

ሁለተኛው ክፍል፣ ሚኑዌት መሰሉ፣ አያስቸግራችሁም። ቀጭን ነው፣ ክፍት ነው። እለፉት።

ሦስተኛው ግን ጦርነት ነው። ብራምስ በፊዩግ ነው የሚጀምረው፤ አንዱ ድምፅ ዜማ ያወጣል፣ ሌላው ያንኑ ይዞ ይከተላል፣ ሦስተኛው ይጨመራል። ነገሩ የጥንቱ ጀርመናዊ አቀናባሪ የባክ ውላጅ ነው፤ ዜማው ከባክ «የፊዩግ ጥበብ» 13ኛ ቁጥር ጋር ይቀራረባል። የሚያስጀምረው ግራ እጅህ ነው፣ ከዚያ ቼሎው፣ ከዚያ ቀኝ እጅህ። ቁጥሩን ታያለህ? ሦስት ድምፅ ነው፣ ሁለቱ ያንተ ናቸው። እሷ በሁለት እጆችህ መሀል ሳንድዊች ሆናለች። እዚህ «ለዘብ በል» ማለት ብቻውን አይሠራም፤ ፊዩግ ለዘብ ሲል ይፈርሳል። የሚሠራው ይህ ነው፦ ማንም ሰው ዜማውን ሲጀምር የጀመረው ሰው ብቻ ይጉላ፣ ሌላው በዚያች ቅጽበት ኖታዎቹን ያሳጥር። አሳጥር አልኩ፣ ቀንስ አላልኩም። ሦስት ሦስት ሆነው የሚሮጡትን ኖታዎች ለየብቻ አንጥራቸው፣ እንደ ጠጠር። በመሀላቸው በሚቀረው ክፍተት ቼሎው ይወጣል። እሷም ደጋኑን ወደ ብርኩማው (ክሮቹን ወደሚሸከመው እንጨት) ጠጋ ታድርገው። እዚያ ድምፁ ሻካራ ይመስላታል፣ ጆሮዋ ሥር ስለሆነ። ሦስት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ግን የሚሰማው ጥርት ያለ ድምፅ ነው። አያታችሁን ሦስት ሜትር ላይ አስቀምጧቸውና ጠይቋቸው።

ስለ ሳሎናችሁ አልነገርከኝም፤ ግን ከዚራን አውቃለሁ። የባቡር ዘመን ቤት ከሆነ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ለሙቀት ጥሩ ነው፤ ለባስ ግን አይመከርም፣ ያስተጋባል። የቆመ ፒያኖ ድምፁን የሚያወጣው በጀርባው ነው፤ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ከለጠፋችሁት ግድግዳው ባሱን ያጎላዋል። አንድ ክንድ ያህል አርቁት፣ ከኋላው ብርድ ልብስ አንጠልጥሉበት፣ ከሥሩ ምንጣፍ። ለቼሎው ግን ምንጣፍ አታንጥፉለት። የቼሎው ብረት እግር ባዶ ሣጥን መሳይ የእንጨት መድረክ ላይ ቢያርፍ እንጨቱ አብሮት ይዘምራል። ጣውላ የተመታበት የሻይ ሣጥን የሚያህል ነገር ይበቃል፤ ወንበሯም እሱ ላይ ከወጣ እሰየው። አንዱን በምንጣፍ አፍናችሁ ሌላውን በእንጨት ስታነሡት፣ ማንም ሳይጫወት ግማሹን ችግር ፈታችሁ ማለት ነው።

ስለ ሙቀቱ ከራሴ ልንገርህ። አንድ ጊዜ ድሬ ላይ እንድጫወት ተጠርቼ ከሐረር ወረድኩ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። ደንገጎን ስትወርድ አየሩ ፊትህ ላይ ይለወጣል። ቼሎዬን ሚኒባሱ ኋላ፣ ፀሐይ በሚመታው መስታወት ሥር አስቀምጬው ነበር። ደርሼ ሣጥኑን ስከፍት መቃኛዎቹ ደርቀው ተፈተዋል፣ አራቱም ክሮች ላልተዋል፣ ብርኩማው ወድቋል። ከሁሉ የባሰው ውስጥ ያለችው ቀጭን እንጨት ወድቃለች። ፈረንሳዮች ያቺን እንጨት «ነፍስ» ነው የሚሏት፤ ስሟ ያለ ምክንያት አልወጣም። እሷ ስትወድቅ ቼሎ ሣጥን ነው። ሰው ተቀምጦ እየጠበቀ እኔ በተጣመመ ሽቦ በቼሎው ቀዳዳ እየቆፈርኩ 40 ደቂቃ ላቤ ተንጠፈጠፈ። በመጨረሻ አስተካክዬ ስነሣ፣ የአዳራሹ ፒያኖ ከቃናው ግማሽ ድምፅ ያህል ወርዶ አገኘሁት። ምርጫ የለም፤ አራቱን ክሮች ወደ ታች ቃኝቼ ተጫወትኩ። ቼሎ ለፒያኖ ይወርዳል፣ ፒያኖ ለቼሎ አይወጣም። ያንተም የወረደ ከሆነ በአንድ ቀን ስቦ እንዲያወጣው ማንንም አታስገድድ፤ ያረጀ ክር ይበጠሳል።

እና ቼሎው መኪና ውስጥ አይደር። ፀሐይም ማራገቢያም ፊት ለፊት አይምታው። ሣጥኑ ውስጥ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ፣ ቀዳዳ ባለው የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ አድርጋ ታኑር፤ እንጨቱን እንዳይነካ። ጎኑ ላይ ስፌቱ ከፈት ቢል አትደንግጡ። ሙጫው ሆን ተብሎ ደካማ የሆነው እንጨቱ ከሚሰነጠቅ እሱ እንዲለቅ ነው። በአናጢ ሙጫ እንዳታስጠግኑት ብቻ! ልምምዱንም ጠዋት አድርጉት። ከሰዓት ድሬ ለበርጫ እንጂ ለብራምስ አትሆንም።

«ሌላ ሥራ እንምረጥ?» ላልከው፣ አይሆንም ብያለሁ። ግን ጎን ለጎን አንድ ነገር ሞክሩ፤ የፈረንሳዊውን አቀናባሪ የደቡሲን የቼሎ ሶናታ። በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሀል፣ በበጋ የጻፈው ነው። ስድስት ሶናታ ለመጻፍ አስቦ ሦስቱን ብቻ ጨርሶ በ1918 ሞተ፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። 12 ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ብራምስ 25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ደቡሲ ችግርህን ገና ስትወለድ ሳይሆን ከዚያ በፊት አውቆታል፤ ፒያኒስቱ ቼሎውን ማጀብ እንጂ መታገል እንደሌለበት እንዳይረሳ በእጁ ጽፎ አሳስቧል። ብራምስ ላይ አጃቢ አይደለህም ያልኩህ ሰውዬ ነኝ፣ አውቃለሁ። ደቡሲ ሌላ ሰው ነው። የፒያኖው ክፍል አየር አለው፣ ባሱ ሳሳ ያለ ነው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ቼሎው ደጋኑን እየተወ በጣት ይቆነጠራል፣ ጊታር ወይም ክራር መስሎ። እሱን አንድ ሳምንት ከተጫወትክ በኋላ ወደ ብራምስ ስትመለስ ግራ እጅህ ሌላ እጅ ይሆናል።

ደግሞ ደቡሲ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ጀጎል ውስጥ በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ስም የሚጠራውን ቤት ታውቀዋለህ። ያ ገጣሚ በ1880 መጨረሻ ሐረር ከመድረሱ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በመስከረም 1871፣ ፓሪስ ሲገባ ያረፈው በገጣሚው ቬርሌን አማቶች ቤት ነበር። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ሞቴ ፒያኖ አስተማሪ ነበረች። በዚያው ሰሞን አንድ የዘጠኝ ዓመት ድሃ ልጅ ተቀብላ ለፓሪሱ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ለኮንሰርቫቶሪ፣ ታዘጋጅ ነበር። ልጁ ደቡሲ ነው። በ1872 ገባላት። ይህን ሳስብ የጀጎል ግንብ ሥር ቼሎ መጫወት ያን ያህል እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

አንድ ቀርቶኛል። የብራምስ የመጀመሪያው ክፍል የሚያልቀው በጸጥታ፣ ወደ ኢ ሜጀር በርቶ ነው። እዚያ የመጨረሻው ድምፅ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አንተ ኮርዱን መትተህ ጨርሰሃል፤ ከዚህ በኋላ እየከሰመ ነው፣ ልታቆመው አትችልም። እሷ ግን ደጋን አላት፤ የፈለገችውን ያህል መሳብ ትችላለች። እዚህ ዋጪዋ ቼሎዋ ናት። ስለዚህ እሷ ፒያኖውን ታድምጥ፤ አንተ በከሰምክበት ልክ ትክሰም። ፔዳሉን የምታነሣው አንተ ነህ፣ ደጋኑም ከእግርህ ጋር እኩል ይነሣ። ይህችን ብቻ ዛሬ ማታ አሥር ጊዜ ሞክሯት።